ያልተቀቀሉት ፎጣዎች

ሰኞ፣ ወር በገባ በ3

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ወገቧ ብቻ እንደምታውቀው ነው፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ካለች ቀና ለማለት ግድግዳ ትለምናለች። ደብዳቤህን የአውቶቡሱ ሾፌር ቅዳሜ አመጣልን። መልሱን በዚያው ቀን ባለመጻፌ ይቅር በለኝ።

ስልክ ለምን እንደማልቀበልህ ጠይቀሃል። እምቢ ብዬ አይደለም። እማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትለጥፈው ያሰብኩት ሁሉ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። አንተ «አለሽ ወይ?» ትላለህ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ራስ መነቅነቅ ደግሞ በስልክ አይሰማም። በወረቀት ግን፣ አንተ እንዳልከው፣ ትንሽ ትንሽ እናገራለሁ። ከሰባተኛ ክፍል የቀረች ሰው ጽሑፍ ስለሆነ ስህተቱን አልፈህ አንብበው።

የመጋዘኑ ሰዎች ሸሚዞችህን ስላደነቁልህ ደስ ብሎኛል። እንዴት እንዲህ ሊነጡ ቻሉ ላልከው፣ ሁለት ጊዜ ስለቀቀልኳቸው ነው። ያን ቀን እማ አክስቴ ዘንድ ውላ ነበር። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ስላላባራ ማገዶው ሁሉ ረጥቦ፣ የቀረችው ደረቅ እንጨት አንድ እቅፍ ብቻ ነበረች። እሷን ላንተ ሸሚዞች ጨረስኳት። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚታየው አንገትጌው ነው ብዬ። ስለ ሸሚዞቹ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

አንገቴ ላይ ወጣች ያልካትን፣ ሽምብራ የምታክለዋን፣ እባክህ አትነካካት። ብጉር ናት ብለህም አትናቃት። ለሐኪም አሳያት። ትኩሳት አለህ?

ሌላም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከመሄድህ በፊት ጋሽ አትነቃነቅ ዘንድ ፀጉርህን የተስተካከልከው ረቡዕ ነበር ወይስ ሐሙስ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ።

እማ ሳሚልኝ ብላለች።

እህትህ ጭምቷ


ሰኞ፣ በ10

ጭምትዬ፤

ይህን የምጽፍልሽ በሆዴ ተኝቼ፣ ትራሱን ደረቴ ሥር አድርጌ ነው። ፊደሌ የሰከረ ቢመስልሽ እኔ አልሰከርኩም። ያለሁት ሆስፒታል ነው። አትደንግጪ፤ ከደነገጥሽም ፊትሽን ለእማ አታሳዪያት።

ያቺ ሽምብራ አድጋ ሎሚ ሆነች፣ ሎሚዋ ብርቱካን ሆነች፣ አንገቴ አትክልት ተራ መሰለ። አራት ቀን በሻርፕ ሸፍኜ ሥራ ገባሁ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው አይታመምም ብዬ ነው። በአምስተኛው ቀን ጆንያ ስቆጥር መጀመሪያ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ቀጥሎ መሬቱ ጠፋኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው ተሸክመው ያመጡኝ። ሐኪሙ «ብጉንጅ ነው፣ ግን ሥር ሰዷል፤ ወደ ደምህም እየገባ ነው» አለና ቀደደው። የወጣውን አልነግርሽም፤ ምሳ ትበያለሽ። አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ጎዝ ይጠቀጥቃሉ፣ በነጋታው ያወጡታል፣ እንደገና ይጠቀጥቃሉ። የምታክመኝ ሲስተር «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ፣ ቻል አድርገው» ትለኛለች። እኔም «ሲስተር፣ አንገቴ ወንድነቱን አልሰማም» አልኳት። ሳቅ አታውቅም ይሏት ነበር፣ ሳቀች።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ሐሙስ ነው። ግን ምን እንደገረመኝ ታውቂያለሽ? ሐኪሙም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። «በቅርቡ የት ተላጨህ? ምላጩስ፣ ፎጣውስ ንጹሕ ነበር?» አለኝ። ፎጣው የሚታጠበው እኛ ቤት ነው፣ እናቴ ሳትቀቅል አንድ ክር አታስወጣም አልኩት። እንግዲያው ምላጩ ነው አልን። ጋሽ አትነቃነቅ «አትነቃነቅ፣ አትነቃነቅ» እያለ ለካ ሲገድለኝ ነበር። አንቺ ግን ከሐኪሙ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ደረስሽበት። ትምህርትሽን ባታቋርጪ ኖሮ ዛሬ ነጭ ጋዋን ነበር የሚያምርብሽ።

ከ«ሆስፒታል» እስከ «ጋዋን» ያለውን ለእማ አታንብቢላት። ትንሽ አሞት ነበር፣ ተሽሎታል በያት።

ወንድምሽ


ሐሙስ፣ በ13

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

እግዚአብሔር ይማርህ። ደብዳቤህን ስጨርስ እጄ ላይ የነበረውን ሸሚዝ በካውያ አቃጠልኩት። የማን እንደሆነ አልነግርህም፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ለእማ ዘልዬ አነበብኩላት። ግን እማ ፊደል ባታውቅም ወረቀት ታውቃለች። «ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፎ ይሄ ብቻ ነው? ልጄ እንዲህ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ነው የሚጽፈው?» አለችኝ። ከዚያ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና «የት ነው የተኛው?» አለች። ሆስፒታል አልኳት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አነበብኩላት። ስለ ፎጣው ያልከውን ሳነብ «ጎሽ ልጄ» አለች።

ሰፈር ውስጥም ሌሎች የታመሙ አሉ። የአውቶቡሱ ሾፌር ነግሮህ መሆን አለበት፤ ከእኔ ባለመስማትህ አትቀየመኝ። አንተን ሳይጨምር አራት ሰዎች ናቸው። ቆርቆሮ ሠሪው ከጆሮው ሥር፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አገጩ ላይ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ማጅራቱ ላይ፣ የታክሲው ሾፌር ደግሞ ሁለት ቦታ። የታክሲው ሾፌር አንገቱን ማዞር አቅቶት አራት ቀን አልሠራም። እንዳንተ የጸናበት ግን የለም።

ትናንት ጋሽ አትነቃነቅ እኛ ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «አትነቃነቁ፣ አልቀመጥም» አለ። ስም ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያለፈው ወር ፎጣ... ተቀቅሏል?»

እማ ሳሙናውን አስቀመጠች። «ቀይ ክር ነበረው?»

«ነበረው።»

«ቀይ ክር ካለው ተቀቅሏል። ከዚህ ቤት ሳይቀቀል የወጣ ፎጣ የለም። በሁለቱ ልጆቼ እምላለሁ።»

«ኧረ አይማሉ። ቃልዎ ይበቃኛል» አለና ወጣ። እኔ ካውያው አጠገብ ነበርኩ። ሲወጣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ዝም ነሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

በርታልኝ።

ጭምቷ


ያው ሐሙስ፣ በ13፤ የማልልከው

ወንድም ጋሼ፤

ሾፌሩ የመጀመሪያውን ይዞ ሄዷል። ይህን የምጽፈው አንዴ ተጽፎ ላየው ብዬ ነው።

ሸሚዞችህን ቀቅዬ ስጨርስ እሳቱ ጠፋ። የጋሽ አትነቃነቅ የአንገት ፎጣዎች ሳፋ ውስጥ ነበሩ፣ ሃያ አራት። በረኪናውም አልቆ ነበር። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ብቻ አጠብኳቸው። አንዱ ፎጣ ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ ነበር፤ በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። ከዚያ እርጥቡን ተኮስኳቸው። እንፋሎቱ ሲወጣ የተቀቀሉ መሰሉ፤ ሽታቸውም እንደዚያው ሆነ። እንጨት እስኪደርቅ ጠብቄ ልቀቅላቸው እችል ነበር። ግን በማግስቱ ሐሙስ ነው፣ አንተም ልትላጭ ነው፣ ፎጣ አነሰ እንዲሉን አልፈለግኩም።

ቀይ ክር ማለት የተቀቀለ ነው፣ ነጭ ክር ማለት ገና ነው። እማ ማንበብ ስለማትችል ክር ነው የምታነበው። እኔ ቀዩን ክር አሠርኩባቸው። ስትመለስ አየችውና «ጎበዝ» አለችኝ።

ምላጩ አይደለም። እኔ ነኝ።


ማክሰኞ፣ በ18

ጭምትዬ፤

ስለ ጤናዬ ሳልሸፍን ልንገርሽ። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም። ላቦራቶሪው ተህዋሲው ግትር ነው፣ የተለመደ መድኃኒት አይበግረውም አለ። ሁለተኛው መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ የለም፤ ከውጭ ይገዛል። አንዷ ጠርሙስ የግማሽ ወር ደሞዝ ትበላለች፣ በቀን ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል፣ ለአሥር ቀን። ስልኬን ሸጫለሁ፤ ሦስት ቀን ተኩል ከረምኩበት። ለአንቺ ለውጥ የለውም፣ ድሮም አታናግሪኝም።

ሥራውን በተመለከተ፣ የሙከራ ጊዜዬን ሌላ ሰው እየሞከረው ነው። አለቃዬ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ብርቱካን ሰጠኝ። ብርቱካኑን ሳይ ነው የገባኝ።

አጠገቤ የተኛው ጡብ ሠሪ ነው። እግሩን ጡብ ጫረው፤ ጭረቷ የጥፍር ያህል ነበረች ይላል። አሁን ጉልበቱ ድረስ ጠቁሯል። ቤቱን እየሸጡ ነው የሚያሳክሙት። ማታ ማታ ሚስቱ ሒሳብ ስትደምር እሰማታለሁ፤ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ትደምራለች፣ የሚያንስ ይመስል።

እማ ቁም ሣጥኑን መሸጧን ሾፌሩ ነገረኝ። አንቺ ለምን አልነገርሽኝም? ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ።

እንግዲህ ይህ አይቀጥልም። በፖስታው ውስጥ ሌላ የታጠፈ ወረቀት አለ። እሱ የጋሽ አትነቃነቅ ነው። አራት መስመር ነው፤ ብታነቢው ግድ የለኝም። ሲላጨኝ ምላጩ ላይ የሌላ ሰው ደም አይቻለሁ፣ ስለዚህ መታከሚያዬን ይክፈል ይላል። ገንዘብ እንደሌለው አውቃለሁ። ወንበሩ ግን አለው። ያ የሚሽከረከረው ወንበር ብቻውን የዚህን ሆስፒታል ዕዳ ይዘጋል። በእጁ ስጪው። መናገር የለብሽም፣ መስጠት ብቻ ነው።

ወንድምሽ


ቅዳሜ፣ በ22

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

ሰጥቼዋለሁ። የዘገየሁት ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ስለያዝኩት ነው፤ ይቅርታ። ስለ ቁም ሣጥኑም ይቅርታ። ልብሶቻችን አሁን ሚስማር ላይ ናቸው፤ እማ «አየር ያገኛሉ» ትላለች።

ስሰጠው ምን እንዳለ ልትሰማ ትፈልጋለህ ብዬ ልጻፍልህ። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ድሮ በዚህ ቀን አግዳሚው ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆም ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። ወረቀቱን ተቀበለኝ። አራቀው፣ አቀረበው፣ ብርሃን ፍለጋ በሩ ድረስ ሄደ። አራት መስመር ለማንበብ እኔ ሃያ ፎጣ የማጥፍበትን ጊዜ ፈጀ።

«ደም አየሁ ነው የሚለው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ወንድምሽ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ነው የተላጨው። መጀመሪያ ሲመጣ ጣውላ ደርቤበት ነው። ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።» ከዚያ ምላጩን አነሳና ወደ መስኮቱ አዞረው። «ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺ ልንገርሽ፣ አንቺ አታወሪም። ዓይኔ ከከዳኝ ዓመት አልፎታል። በእጄ ነው የምሠራው፣ በልማድ። ምላጭ ላይ ያለ ነገር አይታየኝም። እኔ ነኝ ማለት ነው። አምስቱንም እኔ ነኝ ያቆሰልኳቸው።»

መስታወቱን በአንሶላ ሸፈነና በሩን ዘጋ። ለወንበሩ ገዢ አፈላልጋለሁ በዪው ብሎኛል።

ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ፊትህ ወደ መስታወቱ ነው፣ ምላጩ ደግሞ ከማጅራትህ ኋላ ነው፤ በመስታወቱም አይታይም። ደሙን በየት በኩል አየኸው?

ጭምቷ


ረቡዕ፣ በ26

ጭምትዬ፤

እማ በየቀኑ ትኩሳቴን ማወቅ ስለምትፈልግ፣ ወርዷል በያት። አሥረኛው ጠርሙስ ካለቀ በኋላ ላብ በላብ ሆንኩና ወረደ። ሲስተር «አሁን ሰው መሰልክ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ምን እመስል እንደነበር አልጠየቅኋትም። ቀሪውን መድኃኒት ፋርማሲው በዱቤ ሰጥቶናል። ሆስፒታሉ ግን ሒሳቡ ካልተዘጋ አያስወጣኝም።

ስለ ዓይኑ አላውቅም ነበር። ስለ ደሙ ሁለተኛ አትጠይቂኝ። የታመመ ሰው ብዙ ነገር ያያል። አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትጠይቂው? ስልክ ላይ አንድ ቃል የማይወጣሽ ልጅ በወረቀት መርማሪ ሆንሽ። ራሱም እኔ ነኝ ካለ እኔ ምን አደረግኩት?

ገዢው መቼ ነው የሚመጣው? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


እሑድ፣ በ30

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

ገዢው የሚመጣው የፊታችን ቅዳሜ ነው። እሱን ብቻ ጻፊልኝ ብለሃል፤ ዛሬ ግን ብዙ እጽፋለሁ፤ ታገሠኝ። ሰላምታውንም አሳጥሬዋለሁ።

ምላጩ አይደለም። ፎጣዎቹ ናቸው። ያን ቀን እንጨቱን ሁሉ በሸሚዞችህ ስለጨረስኩ የጋሽ አትነቃነቅን ሃያ አራት ፎጣ ሳልቀቅል ተኩሼ ላክኩ። ቀይ ክርም አሠርኩባቸው። ሐሙስ አንገትህ ላይ የነበረው ከእነሱ አንዱ ነው። መጀመሪያ ስለ ሽምብራዋ ስትጽፍልኝ ልቤ አውቆታል። ሐሙስ ነበር ወይ ያልኩህ ለዚያ ነው። አንተ ግን ብልህ ነሽ አልከኝ።

ትናንት ጋሽ አትነቃነቅ ዘንድ ሄድኩ። በአፌ እንደማልችል ስለማውቅ ሁሉንም በወረቀት ጽፌ ነበር። ሰጥቼው ልሮጥ ነበር ሐሳቤ። ተዘግቶ በነበረው ሱቅ ውስጥ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«እንኳን መጣሽ» አለኝ። «ገዢው ሳይመጣ የወንበሩን ጨርቅ አጥቢልኝ ልልሽ ነበር።» ወረቀቱን ሲያይ «ምንድን ነው ደግሞ? ሌላ ክስ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይደለም ለማለት።

አራቀው፣ አቀረበው። «ይሄን ጉንዳን የሄደበት የመሰለ ጽሑፍ እኔ አላነበውም። የወንድምሽስ ጉልህ ነበር። እንኪ፣ አንብቢልኝ።»

ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት።

«ጮክ በይ እንጂ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ግን እስከዚህም ደህና አይደለም።»

አነበብኩት። የገዛ ጽሑፌን ማንበብ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ስጨርስ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረው።

«ሃያ አራቱም?»

«ሃያ አራቱም።»

«እናትሽ ስትምል እዚያ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

እጆቹን ዘረጋና አያቸው። «ሠላሳ ዓመት ያበሉኝን እጆች ይሄን ሁሉ ቀን ስጠላቸው ከረምኩ። በማንኪያ መብላት ጀምሬ ነበር፣ ታምኛለሽ? አንቺ ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ በዚህ በር ገብተሽ ታዪኝ ነበር።»

ማልቀስ ስጀምር «አታልቅሺ» አለኝ። «ካለቀስሽ ላዝንልሽ ነው። ዛሬ ላዝንልሽ አልፈልግም። እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ከእኔ እንዳትሰማው። ሂጂ።» በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። «የደሙ ነገርስ?»

«እሱን የሚያውቀው ወንድሜ ነው» አልኩት።

ለእማ ቤት እንደገባሁ ነገርኳት። ሳፋው አጠገብ ቆማ ሰማችኝ። «የማልኩት በሁለታችሁ ነበር» አለች። በርሜሉን ሞላች፣ እሳት ለኮሰች፣ ቤት ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ መቀቀል ጀመረች፤ የተቀቀለውን፣ ያልተቀቀለውን፣ መጋረጃውን፣ የለበስኩትን ቀሚስ ሳይቀር። ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ስታማስል አየኋት። ዛሬም አላናገረችኝም። ምግብ ግን አቅርባልኛለች።

አንገትህን እንዴት ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ሥራህንም። ብትቆጣኝ መልሱን አልጠብቅም፤ ብትጽፍልኝ ግን አነበዋለሁ።

ጭምቷ


ረቡዕ፣ ወር በገባ በ3

እህቴ፤

ደብዳቤሽን እሑድ ማታ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ነው ያገኘሁት፤ የዘገየሁት ግን በሾፌሩ አይደለም። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ተቆጥቼሽ ነበር። ጎዙን ሲያወጡት ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰድበው ሰው አገኘሁ፤ አንቺን። ይህንን አልደብቅሽም። ማክሰኞ ደግሞ ጡብ ሠሪውን እግሩን ለመቁረጥ ወሰዱት። ሲመለስ አንሶላው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነበር። ሚስቱ መደመሯን ትታ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ከዚያ በኋላ አንቺን መስደብ አልሆነልኝም።

ደም አላየሁም። እንዳልሽው ፊቴ ወደ መስታወቱ ነበር፣ እሱንም ቢሆን ጨፍኜ ነበር፤ ሲላጩኝ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሆስፒታሉ የሒሳብ ወረቀቱን ሲያመጣልኝ የሚከፍል ሰው ፈለግኩ፤ አንድ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። አንቺ ያልተቀቀለ ላይ ቀይ ክር አሠርሽ፣ እኔ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈረምኩ። አንቺ ደግሞ ያን ያደረግሽው እንጨት ሲያልቅብሽ ነው። እኔ ጊዜ ነበረኝ፤ አራት ጊዜ አርሜ ነው የጻፍኩት።

በዚህ ውስጥ ሁለተኛ ወረቀት አለ። ለእሱ ነው። ዓይኑ ስለከዳው አንቺ አንብቢለት። እንደማይቀልሽ አውቃለሁ።

ሆስፒታሉ ዕዳውን በየወሩ ልከፍል አስፈርሞ ይለቀኛል። ሁለት ዓመት ይፈጃል። ጉድጓዱ እየሞላ ነው፤ ሲስተር ጣቷን አታስገባም አሁን። የሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ። ወንበሩ ከተሸጠ ግን ምን ይዤ ነው ፊቱ የምቆመው? ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሰኞ፣ በ8

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

ወንበሩ አልተሸጠም። መጀመሪያ እሱን ላሳርፍህ ብዬ ነው። ሌላው ሁሉ ግን ደህና ነው እንዳትል። ጋሽ አትነቃነቅ ፎጣውን ከእኛ ወስዷል፤ ራሱ ነው የሚቀቅለው። የምናጥብላቸው ሌሎች ሁለት ፀጉር ቤቶችም ትናንት ፎጣቸውን ወሰዱ። እማ «አንሶላ ይቀረናል» አለች። ከነገርኳት ቀን ጀምሮ ያናገረችኝ እሱን ብቻ ነው። የአራቱን ሰዎች ልብስ ደግሞ ለስድስት ወር በነጻ ልታጥብ ቃል ገብታላቸዋለች፤ የማጥበው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ወረቀትህን ይዤ ስሄድ ሱቁ ተከፍቶ ነበር። ብቻውን የማገኘው መስሎኝ ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው፣ ዘበኛው፣ ባለ ወፍጮውና የታክሲው ሾፌር አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ገዢው ገመድና ጋሪ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ልመለስ ስል ጋሽ አትነቃነቅ አየኝ።

«ግቢ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው። እነዚህ ሰዎች ሰፈር ውስጥ ሲያልፉ ዓይኔን ሳያዩ ወር ሞላቸው። ምን ይዘሻል?»

«ከወንድሜ ነው» አልኩ።

«አንብቢው።»

አነበብኩት። «ደም አላየሁም፣ ዋሽቻለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ዘበኛው «ኧረ ጉድ» አለ። ጋሽ አትነቃነቅ ግን ፊቱን አልለወጠም። እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጎ እስክጨርስ ጠበቀ።

«የእሱ ነው። የአንቺስ?»

የእኔን ወረቀት አልያዝኩም ነበር። ቤት ነው የተውኩት። «ወረቀቱ የለም» አልኩት።

«ወረቀት አልጠየቅኩሽም።»

ሱቁ ውስጥ አምስት ሰው እያየኝ ነበር፣ በመስታወቱ ውስጥ ሲደመሩ አሥር። መስታወቱን ገልጦታል። መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። እንጨቱ እንዳለቀ፣ ፎጣዎቹ እንዳልተቀቀሉ፣ ክሩን እያወቅኩ እንዳሠርኩ፣ እናቴ ስትምል እንዳላወቀች፣ እሱ ምንም እንዳላጠፋ። ከዚያ የታክሲው ሾፌር፣ አንገቱን ገና ማዞር ስለማይችል መላ ሰውነቱን ወደ እኔ አዞረ።

«አራት ቀን ልጆቼ ምን በልተው እንደዋሉ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኩት።

«በብድር ነው።»

«እሺ።»

ባለ ወፍጮው «ልጅ ናት ተዋት» ሊል ሲጀምር ጋሽ አትነቃነቅ በእጁ አስቆመው። ወደ በሩ አየ። ገዢው ገመዱን ክንዱ ላይ እየጠመጠመ አንገቱን አስግጎ ነበር፤ ከኋላውም ሁለት መንገደኞች ቆመዋል።

«ድገሚው» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «በር ላይ ያሉት አልሰሙም።»

ቀና አልኩና ደገምኩት።

እህትህ